«ሁለተኛው ሰው በነጻ» የሚባለው ቫውቸር አዲስ አበባ ያደርሳል?

ጥያቄው የመጣው ለንደን ከምትኖር አንዲት እህት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የብሪቲሽ ኤርዌይስ አሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ አለኝ፤ ዓመታዊ ክፍያ ያለው፣ ፕሪሚየም ፕላስ የሚባለው። ዓመቱን ሙሉ አስቤዛውን ሁሉ በሱ ስከፍል ቆይቼ ሁለተኛ ሰው በነጻ የሚያስጉዝ ቫውቸር አገኘሁ። የሚያበቃው ጁላይ 2027 ነው። ከባለቤቴ ጋር ለፋሲካ አዲስ አበባ ልንሄድበት አስበን ነበር፤ ድረ ገጹ ግን አዲስ አበባን ጭራሽ አያመጣልኝም። እስቲ ልሞክር ብዬ እህቴ ያለችበትን ዋሽንግተን ሳስገባ ደግሞ የሁለት ሰው ገንዘብ ጠየቀኝ። ነጻ ነው ተብሎ አልነበር እንዴ? ካልሆነስ ለእናቴ ሰጥቻት ከአዲስ አበባ ብትመጣበት? ካርዱንስ ማቆየቱ ያዋጣል?»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። አንቱታው ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ያደናቅፈኛል።

በአጭሩ፣ አዲስ አበባ አይሆንም። ለእናትሽ መስጠትም አይቻልም። ዋሽንግተን ግን ይሆናል፤ እኔ ብሆን ቫውቸሩን እዚያው ላይ ነበር የማውለው።

መጀመሪያ «ነጻ» የምትለዋን ቃል እናጥራ። ለንደን ውስጥ ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ደንበኛን እንደዚህች ቃል ያናደደ ነገር አላየሁም። በአቪዮስ፣ ማለትም በብሪቲሽ ኤርዌይስ የጉዞ ነጥብ፣ የሚያዝ ማንኛውም ትኬት ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ አቪዮሱ ነው። ሌላው ታክሱና አየር መንገዱ የሚጨምረው ክፍያ ነው፤ ይሄኛው በፓውንድ ነው። ቫውቸሩ የሚያስቀረው የሁለተኛውን ሰው አቪዮስ ብቻ ነው። ፓውንዱን ሁለታችሁም ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ድረ ገጹ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ያስተዋወቀሽ ሰው ነው።

ከዚያ ፓውንድ ውስጥ ጠቀም ያለው የእንግሊዝ መንግሥት በመንገደኛ ላይ የሚጥለው ታክስ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይከለሳል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከእንግሊዝ ተነስቶ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው በኢኮኖሚ 102 ፓውንድ፣ ከኢኮኖሚ በላይ ለሆነ ወንበር ደግሞ 244 ፓውንድ ነው። አዲስ አበባም በርቀት እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው የምትገባው። ይሄን ታክስ የትኛውም ቫውቸር አያነሳልሽም። ደስ የሚለው፣ ስትመለሺ አይከፈልም፤ የሚቆረጠው ከእንግሊዝ ስትነሺ ብቻ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ቫውቸሩ የሚሠራው በብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ በአይቤሪያና በኤር ሊንገስ አውሮፕላኖች ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱም ቦሌ አያርፍም። የኛ አየር መንገድ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ቡድን አባል ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ የዋን ወርልድ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ፖይንት አይለዋወጡም። ሼባማይልስ የሚባለው የኛ አየር መንገድ ነጥብና አቪዮስ ሁለት የማይገናኙ ደብተሮች ናቸው በይ።

«ናይሮቢ ድረስ በቫውቸሩ፣ ከዚያ ሌላ ትኬት» የሚል ብልሃት ሰምተሽ ይሆናል። ይቻላል። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ናይሮቢ ይበራል፤ ከናይሮቢ ቦሌ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን አልመክርም። ሁለት የተለያየ ትኬት ማለት ሁለት የማይተዋወቁ አየር መንገዶች ማለት ነው። የለንደኑ ቢዘገይ የናይሮቢው አይጠብቅሽም፤ አዲስ ትኬት የምትገዢው ከኪስሽ ነው። ሻንጣሽን ናይሮቢ ላይ ተቀብለሽ፣ ኬንያ ገብተሽ፣ እንደገና ታስመዝግቢያለሽ። የሻንጣውም ነገር አለ። በብሪቲሽ ኤርዌይስ ኢኮኖሚ በአቪዮስ የተያዘ ትኬት አንድ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው ያለው። የኛ አየር መንገድ ከለንደን ሁለት ይፈቅዳል። ለፋሲካ ወደ አገር ቤት አንድ ሻንጣ ይዞ የገባ ሰው ካለ አስተዋውቂኝ።

አዲስ አበባን በአቪዮስ ብቻ፣ ያለ ቫውቸር ከሆነ ግን መንገድ አለ። ካታር ኤርዌይስ ከ2022 ጀምሮ መገበያያው አቪዮስ ሆኗል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ አካውንትሽን ከካታሩ ጋር ታያይዢና አቪዮሱን ታሻግሪያለሽ፤ አንዱ በአንድ ነው፣ ምንም አይቀነስም። ከዚያ ከለንደን በዶሃ በኩል አዲስ አበባ መፈለግ ትችያለሽ። ለሁለት ሰው የሁለት ሰው አቪዮስ ትከፍያለሽ እንጂ በረራው ደህና ነው። አቪዮስሽ ብዙ ካልሆነ ግን ለአዲስ አበባው በገንዘብ ትኬት ቁረጪ፤ አቪዮሱን ቫውቸሩ ለሚያበዛልሽ ቦታ አስቀምጪው።

ያ ቦታ ዋሽንግተን ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ከሂትሮው ዋሽንግተን ደለስ በቀጥታ ይበራል። ከዚያ እህትሽ ቤት በመኪና ነው። እህትሽ ሌላ ከተማ ብትሆን ኖሮም አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ በቀጥታ አሉ፤ ሀበሻ በብዛት ያለበት ሁሉ ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ፍለጋው አንዳንዴ በአሜሪካን ኤርላይንስ የሚቀጥል መንገድ ያመጣል። እሱ ላይ ቫውቸሩ አይሠራም። በራሱ በብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የሚበረውን ያዢ።

ለፋሲካ ነው ያልሽው። 2027 ለኛ የተመቸ ዓመት ነው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 28 ይውላል። የኛ ሜይ 2፣ ሚያዝያ 24 ነው። አየር መንገዱ አንዳንዱን ቀን ውድ፣ አንዳንዱን ርካሽ ብሎ ነው አቪዮስ የሚያስከፍለው። ውድ የሚባሉት ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ዕረፍትን ተከትለው ነው። የእንግሊዝ ልጆች ከፋሲካ ዕረፍት ተመልሰው ክፍል ከገቡ በኋላ ነው የኛ ሕማማት የሚጀምረው። በየዓመቱ እንዲህ ተራርቀው አይገኙም።

አሁን ዋናው። ቫውቸር ኖሮ ወንበር ከሌለ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ለአቪዮስ ተጓዥ በእያንዳንዱ ረጅም በረራ ላይ ቢያንስ 8 የኢኮኖሚ፣ 2 የፕሪሚየም ኢኮኖሚና 4 የቢዝነስ ወንበር አወጣለሁ ብሏል። የሚያወጣው ከበረራው 355 ቀን በፊት ነው። አራት የቢዝነስ ወንበር ማለት ሁለት ባልና ሚስት ማለት ነው። ሦስተኛው ጥንድ ቀሪ ካለ ይጠብቃል።

በሆሳዕና ዕለት፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2027 መነሳት ከፈለጋችሁ ወንበሩ የሚከፈተው ሜይ 5 ቀን 2026 ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ነው። ልብ በይ፣ በግሪንዊች። በሜይ ለንደን ሰዓቷን አንድ ወደፊት ገፍታለች፤ ስለዚህ ስልክሽ ላይ 1 ሰዓት ይላል፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ማለት ነው።

ይሄን እንዲህ የማጠብቀው አቃጥሎኝ ነው። የመጀመሪያውን ቫውቸሬን ይዤ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ገጹን አደስኩት፣ ምንም የለም። 20 ደቂቃ ጠብቄ «ዛሬ አላወጡም» ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ኢኮኖሚው አለ፣ ከቢዝነሱ የቀረው አንድ ወንበር ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ ወንበር ላይ አንቀመጥ። እሷ እስከ ዛሬ «ሰዓት የማያውቅ ትኬት ቆራጭ» ትለኛለች።

ባንቺ ቫውቸር ላይ ግን አንድ ትርፍ ነገር አለ። የፕሪሚየም ፕላስ ቫውቸር ያለው ሰው ቢዝነስ ላይ ሌላው ተጠቃሚ የማያየውን ተጨማሪ ወንበር ያያል። ያኔ ቢያመልጥሽም ተስፋ አትቁረጪ፤ በየጊዜው ግቢና ፈትሺ። ፍለጋውን ስትጀምሪ ቫውቸሩን መርጠሽ መግባትሽን አረጋግጪ። ሳትመርጪ ከገባሽ የሁለት ሰው አቪዮስ ነው የሚያሰላልሽ፤ ተጨማሪውም ወንበር አይታይሽም።

መመለሻውስ? መሄጃው ሲከፈት መመለሻው ገና ነው። ሜይ 4 ቀን 2027 ልትመለሱ ከሆነ የሱ ወንበር የሚወጣው ሜይ 14 ቀን 2026 ነው። ስለዚህ መሄጃውን በቫውቸሩ ትይዣለሽ፣ የመመለሻው ቀን ሲደርስ ስልክ ደውለሽ እዚያው ቡኪንግ ላይ አስጨምሪ ትያቸዋለሽ። መመለሻውን ለብቻው አዲስ ቡኪንግ አድርገሽ አትያዢ። ቫውቸሩ አንድ ቡኪንግ ላይ ነው የሚሠራው፤ ለሁለተኛው የሁለት ሰው አቪዮስ ትከፍያለሽ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብዙ ሰው ቫውቸሩን በትክክለኛው ቀን ይዞ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ድረ ገጹ ለአንድ ወንበር አንድ ዋጋ አይሰጥሽም፤ የተወሰኑ ምርጫዎች ያስቀምጣል። ብዙ አቪዮስ ትንሽ ፓውንድ፣ ወይም ትንሽ አቪዮስ ብዙ ፓውንድ። ለማስላት እንዲመች ክብ ቁጥር እንያዝ፤ ይሄ የኔ ምሳሌ ነው፣ የዕለቱን ዋጋ ገጹ ላይ ታያለሽ። በቢዝነስ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ 180,000 አቪዮስና 400 ፓውንድ ነው እንበል። ሁለተኛው 120,000 አቪዮስና 700 ፓውንድ።

ብቻሽን ያለ ቫውቸር ብትሄጂ 60,000 አቪዮስ ጨምረሽ 300 ፓውንድ ታድኛለሽ። አንድ አቪዮስ ግማሽ ፔኒ አወጣች ማለት ነው። አያጓጓም። በቫውቸሩ ለሁለት ስትሄዱ ግን አቪዮሱ የአንድ ሰው እንደሆነ ይቀራል፣ ፓውንዱ ብቻ እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ምርጫ 180,000 አቪዮስና 800 ፓውንድ፤ ሁለተኛው 120,000 አቪዮስና 1,400 ፓውንድ። አሁን ያው 60,000 አቪዮስ 600 ፓውንድ አዳነልሽ። እያንዳንዷ ሙሉ ፔኒ አወጣች።

ገባሽ አይደል? ቫውቸር ሲኖርሽ ብዙ አቪዮስ ትንሽ ፓውንድ የሚለውን ምረጪ። ሰው ግን አቪዮሱን ሲያይ ይሳሳና «ላስቀምጠው» ብሎ ፓውንዱን ይከፍላል። አቪዮስ ወለድ አይወልድም፤ አየር መንገዱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይሟሟል።

ኢኮኖሚ ላይ ትርፉ ያንሳል። አንድ ሰው 50,000 አቪዮስ ይከፍላል ብንል ቫውቸሩ ያተረፈልሽ 50,000 አቪዮስ ነው። እኔ አንዱን አቪዮስ በአንድ ፔኒ ነው የማስበው፤ 500 ፓውንድ መሆኑ ነው። ክፉ አይደለም። ነገር ግን ኢኮኖሚ በገንዘብ ቅናሽ ሲወጣ ያንን ትርፍ በግማሽ ይበላዋል። በቢዝነስ ያለው ስሌት ግን 180,000 አቪዮስ ያስቀርልሻል። እዚያ ላይ ነው ይሄ ቫውቸር ዋጋ የሚያወጣው። አቪዮሳችሁ ለቢዝነስ ካልበቃ ባለቤትሽም አካውንት ካለው አንድ አድራሻ ላይ የምትኖሩ ሰዎች በቤተሰብ አካውንት አዋህዳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ይሄን ካደረጋችሁ ግን ከቤተሰቡ ውጭ ላለ ሰው ትኬት የምትቆርጡት ስሙን ዝርዝር ውስጥ አስቀድማችሁ ስታስገቡ ብቻ ነው።

ወጣ ያለ ምክር ልጨምር። በሕማማት ስለምትበሩ የጾም ምግብ ከፈለጋችሁ ቪጋን የሚለውን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እዘዙ። አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ዳቦና ሰላጣ ነው የሚያተርፈው። ደግሞ በቢዝነስ ሁለት 32 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል ብላችሁ በርበሬ አትጫኑ። ዋሽንግተን በርበሬ ከለንደን መውሰድ ትርፉ ሸክም ነው።

ቪዛም አለ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ካላችሁ ኢስታ የሚባለውን የአሜሪካ የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ሞልታችሁ ነው። ባለቤትሽ አሁንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ ግን የአሜሪካ ቪዛ ቀጠሮውን ከአሁኑ ይጀምር፤ ቫውቸር ይዞ ቪዛ ያጣ ደንበኛ ገጥሞኛል።

ግን ቪዛው እስኪገኝ ብለሽ ትኬቱን አታዘግዪ። በአቪዮስ የተያዘ ትኬት ከበረራው 24 ሰዓት በፊት እስከተሰረዘ ድረስ በነፍስ ወከፍ 35 ፓውንድ ተቆርጦ አቪዮሱም፣ ቫውቸሩም፣ የተከፈለው ታክስም ይመለሳል። አንድ ዓመት ቀድሞ ወንበር መያዝ የሚያስከፍልሽ ቢበዛ 70 ፓውንድ ነው። የተመለሰው ቫውቸር ግን ዕድሜው አይታደስም፤ ጁላይ 2027 ካለ ጁላይ 2027 ነው። መሄጃ በረራሽ ከዚያ ቀን በፊት መሆን አለበት።

እናትሽን በተመለከተ። ቫውቸሩ ያንቺ ነው ማለት አንቺ አውሮፕላኑ ውስጥ መኖር አለብሽ ማለት ነው። ለሰው አይሰጥም፣ አይሸጥም። እሳቸው ከአዲስ አበባ ሲመጡ አንቺ አብረሽ ስለማትሆኚ፣ መስመሩም ስለሌለ በሁለት በኩል ተዘጋ። ለእሳቸው በቀጥታ የሚበረውን የኛን አየር መንገድ ቁረጪላቸው። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ ባለቤትሽ ቪዛ ቢያጣ እንኳ ቫውቸሩ ከንቱ አይቀርም። ብቻሽን ስትጓዢ የራስሽን አቪዮስ በግማሽ ይቀንስልሻል። ይሄን የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ ሁለተኛ ሰው አጣን ብለው ያቃጥሉታል።

ካርዱ ያዋጣል ወይ ላልሽው። ዓመታዊ ክፍያው 300 ፓውንድ ነው። ቫውቸሩን ለማግኘት በካርዱ ዓመት ውስጥ 15,000 ፓውንድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ካርዱን ካወጣሽበት ቀን እንጂ ከጃንዋሪ አይደለም። በየፓውንዱ 1.5 አቪዮስ ስለሚሰጥ 15,000ው ራሱ 22,500 አቪዮስ ያመጣል። ክፍያ የሌለው ካርድም አለ። እሱም 15,000 ይጠይቃል፣ በፓውንድ 1 አቪዮስ ይሰጣል፣ ቫውቸሩ ግን ለኢኮኖሚ ብቻ ነው፣ ዕድሜውም 12 ወር ነው። ያንቺው 24 ወር ነው።

የኔ አመለካከት ይሄ ነው። በየወሩ ሙሉ ዕዳውን የማትከፍዪ ከሆነ ዛሬውኑ ተይው፤ ወለዱ ቫውቸሩን በልቶ አንቺንም ይበላሻል። የምትከፍዪ ከሆነ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ወጪሽን እይ። ቤት ኪራይና እቁብ በዚህ ካርድ አይከፈልም። የሰፈራችን የሀበሻ ሱቅና ምግብ ቤትም አሜሪካን ኤክስፕረስ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። 15,000 ሳትጨነቂ የሚሞላ ከሆነ፣ በሁለት ዓመት አንዴ በቢዝነስ ሩቅ አገር የምትሄዱ ከሆነ አቆዪው። በየዓመቱ የምትሄዱት አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ 300 ፓውንዱ ለቦሌ ትኬት ቢደመር ይሻላል፤ ወደ ነጻው ካርድ ዝቅ በይ።

ይሄን የምታደርጊው ግን የዋሽንግተኑን ከጨረስሽ በኋላ ነው። ታክሱ የሚከፈለው በአሜሪካን ኤክስፕረስ ነውና ካርዱን አስቀድመሽ እንዳትዘጊ። መሄጃውን ሜይ 5 ያዢ፣ ሜይ 14 ጠዋት ደውለሽ መመለሻውን አስጨምሪ፣ ሁለቱም በረራ አንድ ቡኪንግ ላይ መውጣቱን ኢሜይሉ ላይ አይተሽ አረጋግጪ። ለካርድ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ደውዪ።